«አረጋገጠ» ወይስ «አመላከተ»? በዶክትሬት ጥናት ውስጥ የአንዲት ቃል ክብደት

አንድ የዶክትሬት ዕጩ ዓመታት የደከመበትን ጥናት ይዞ ከፈታኞች ፊት ሲቀርብ የሚገጥመው ጥያቄ ሁልጊዜ ስለ ጥናቱ ዋና ሐሳብ ላይሆን ይችላል። አንዳንዴ ጥያቄው ስለ አንዲት ግሥ ነው። «በዚህ ገጽ ላይ ‘ጥናቱ አረጋግጧል’ ብለዋል፤ በምን አረጋገጡ?» ይላል ፈታኙ። ዕጩው መረጃውን በጥንቃቄ ሰብስቦ፣ ስሌቱን ሳያዛንፍ ሠርቶ፣ ማጣቀሻውንም አሟልቶ ሊሆን ይችላል። መረጃው የሚለውና ግሡ የሚለው ካልተመጣጠኑ ግን የዓመታቱ ድካም በሙሉ ጥርጣሬ ላይ ይወድቃል።

የቃላት ምርጫ ሲነሳ ብዙዎች የሚያስቡት ስለ ጽሑፍ ውበት ነው። በጥናታዊ ጽሑፍ ውስጥ ጉዳዩ ከውበት ይቀድማል። እያንዳንዱ ቃል አጥኚው ምን ያህል እንደሚያውቅ፣ ከየት እንዳወቀና የት ላይ ማወቁ እንደሚያበቃ ለአንባቢ ይናገራል። የዶክትሬት ተማሪ ደግሞ በዚህ ረገድ ልዩ ችግር አለበት። ከአንድ ወገን አዲስ ዕውቀት እንዲያበረክት ይጠበቅበታልና ግኝቱን አጉልቶ ማሳየት ይፈልጋል። ከሌላው ወገን በመስኩ ገና ጀማሪ ነውና ያልያዘውን እንደያዘ ቢናገር የሚያርሙት ብዙ ናቸው። በእነዚህ ሁለት ግፊቶች መካከል ያለው ጠባብ መንገድ የሚታየው ከምንም በላይ በግሦቹ ነው።

የግሦች መሰላል

አማርኛ ለዚህ የሚሆኑ ግሦች አያንሱትም። «ጠቆመ»፣ «አመላከተ»፣ «አሳየ»፣ «አረጋገጠ» የሚሉት አራቱ እንደ መሰላል ደረጃ ናቸው። የጠቆመ ሰው አቅጣጫ ሰጥቷል እንጂ አላደረሰም። ያረጋገጠ ሰው ግን ሌላ ማብራሪያ እንዳይኖር በሩን ዘግቷል። በአንዲት ከተማ ሃምሳ መምህራንን በቃለ መጠይቅ ያነጋገረ ጥናት «አመላከተ» ቢል ያምርበታል፤ «አረጋገጠ» ካለ ግን ሃምሳውን መምህራን የአገሪቱ መምህራን ሁሉ እንደራሴ አድርጓቸዋል።

እርግጠኛ አለመሆንን በመግለጽም ቋንቋው ሀብታም ነው። «ሊሆን ይችላል» የሚለው በሩን ክፍት ይተዋል። «ይመስላል» በሚታይ ምልክት ላይ ይቆማል። «ሳይሆን አይቀርም» ደግሞ በሁለት አሉታዎች ተጣምሮ ወደ እርግጠኝነት በጣም ይጠጋል። ብዙ ተማሪዎች ሦስቱን እንደ ተመሳሳይ ሐረጎች እያፈራረቁ የሚጽፉት መደጋገም እንዳይበዛ ነው። አንድ ቃል በአንድ ገጽ ሁለት ጊዜ መጻፉ ነውር ነው የሚለው የትምህርት ቤት ድርሰት ልማድ እዚህ ላይ ይጎዳል። በጥናት ውስጥ ሦስቱን ማፈራረቅ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን መናገር ነው።

ይህ ጥንቃቄ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። እንግሊዛዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1661 ባሳተማቸው ድርሰቶቹ መግቢያ ላይ «ምናልባት»፣ «ይመስላል» የመሳሰሉትን ቃላት አዘውትሮ ለምን እንደሚጠቀም ለአንባቢው ማስረዳት አስፈልጎት ነበር። ያየውን ሙከራ በሙሉ ልብ ይናገራል፤ የሙከራውን ምክንያት ሲያብራራ ግን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ዛሬ በጥናት ጽሑፍ ውስጥ «ግኝት» እና «ውይይት» የሚባሉት ምዕራፎች ተለያይተው መቅረባቸው ከዚሁ ልዩነት ጋር የሚሄድ ነው።

በዘመናችን ይህን ጉዳይ በሰፊው ካጠኑት የሥነ ልሳን ባለሙያዎች አንዱ ኬን ሃይላንድ ናቸው። የተለያዩ መስኮችን የምርምር ጽሑፎች አወዳድረው የሌላውን ሰው ሐሳብ ለመጥቀስ የሚመረጠው ግሥ ከመስክ መስክ እንደሚለያይ አሳይተዋል። የፍልስፍና ጸሐፊዎች ስለ ቀደምቶቻቸው ሲጽፉ መከራከርን የሚገልጹ ግሦች ያበዛሉ። የምህንድስናና የተፈጥሮ ሳይንስ ጸሐፊዎች ደግሞ ማሳየትን፣ ማግኘትንና ማቅረብን የሚገልጹትን ያዘወትራሉ። ይህ የስልት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በፍልስፍና ዕውቀት የሚገነባው በክርክር ነው፤ በምህንድስና በሙከራ። ግሡ መስኩ ዕውቀትን የሚያገኝበትን መንገድ ተሸክሞ ይዞራል።

ስለዚህ በአማርኛ የሚጽፍ ተማሪም የተጠቀሱትን ምሁራን ሁሉ «ይገልጻሉ» እያለ በአንድ መስመር ሲያሰልፋቸው ከባድ ነገር ይጠፋል። ማን አዲስ ሐሳብ አቀረበ? ማን ተቃወመ? ማን የሌላውን ደገመ? «ያብራራሉ» የተባለው ምሁር ሐሳብ እውነት መሆኑን ተማሪው ተቀብሏል ማለት ነው፤ የሚብራራ ነገር ያለ ነገር ነውና። «ይሞግታሉ» የተባለው ግን ክርክሩ ገና አልተዘጋም። «ያምናሉ» ከተባለ ደግሞ ማስረጃ የሌላቸው ይመስላል፤ ይህ ቃል የምሁሩን ሥራ ሳያውቁት ወደ ግል እምነት የሚያወርድ በመሆኑ በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባል። በቀደምት ጥናቶች ዳሰሳ ምዕራፍ ላይ ፈታኞች «ይህ ዝርዝር እንጂ ዳሰሳ አይደለም» ሲሉ የሚደመጡት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

«ተፅዕኖ» የሚለው ቃል ዕዳ

ከሁሉም በላይ ብዙ የሚያስከፍለው ቃል የሚገኘው በጥናቱ ርእስ ላይ ነው። «የእንዲህ ያለው ነገር ተፅዕኖ በእንዲያ ያለው ነገር ላይ» የሚለው አቀራረብ በማኅበራዊ ሳይንስ፣ በትምህርትና በጤና መስኮች እጅግ የተለመደ ነው። ቃሉ ቀላል ይመስላል። ተሸካሚው ግን ከባድ ተስፋ ነው፤ አንዱ ነገር ሌላውን እንደሚለውጥ ማስረጃ ይቀርባል የሚል።

ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት የዶክትሬት ተማሪ የትምህርት ቤት ምገባ በተማሪዎች ክትትል ላይ ያለውን ተፅዕኖ ለማጥናት ትነሳለች እንበል። ምገባ ካለባቸውና ከሌለባቸው ትምህርት ቤቶች የተማሪዎችን የመገኘት መዝገብ በአንድ ወቅት ትሰበስባለች። ምገባ ባለባቸው ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በብዛት እንደሚገኙ ታያለች። ውጤቱ የሚያስደስት ነው፤ ብዙ ሰውም እንዲሆን የሚመኘው ነው። ሆኖም ምገባ የተጀመረባቸው ትምህርት ቤቶች በዘፈቀደ አልተመረጡም። ምናልባት ድርቅ ያጠቃቸው ወረዳዎች ቅድሚያ አግኝተው ይሆናል፤ ምናልባትም በተቃራኒው መንገድና ውኃ ያላቸው፣ ለአቅርቦት የሚመቹት ተመርጠው ይሆናል። በሁለተኛው ሁኔታ ተማሪዎቹን ወደ ትምህርት ቤት ያመጣቸው ምግቡ ነው ወይስ መንገዱ? በአንድ ወቅት የተሰበሰበ መረጃ ይህን ለይቶ መመለስ አይችልም።

በዚህ ጊዜ ተማሪዋ የያዘችው ተዛምዶ ነው። ሁለት ነገሮች አብረው ከፍና ዝቅ ሲሉ ተገኝተዋል። ይህ ዋጋ የሌለው ግኝት አይደለም፤ ለቀጣይ ጥናት መነሻ ይሆናል፤ ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር ሲደመርም ክብደት አለው። «ተፅዕኖ» ለማለት ግን ሌላ ዓይነት ንድፍ ያስፈልግ ነበር፦ ምገባው ከመጀመሩ በፊትና በኋላ የተሰበሰበ መረጃ፣ ተመሳሳይ ሁኔታ ያላቸው ማነጻጸሪያ ትምህርት ቤቶች፣ ወይም ከተቻለ በዕጣ የተደረገ ምደባ። ልዩነቱ በአንዲት ቃል የተገለጸ ቢመስልም በጀት፣ ጊዜና የጥናት ስልት የሚለያይበት ነው።

ቃሉ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲወጣ ደግሞ ዕዳው ያድጋል። የጥናቱ አጠቃሎ ወደ አንድ ገጽ የፖሊሲ ማስታወሻ ይቀየራል፤ ማስታወሻው በስብሰባ ላይ ይነበባል፤ ከስብሰባው ወደ ዜና ይሻገራል። በየደረጃው ገደብን የሚያሳዩ ቃላት አንድ በአንድ ይረግፋሉ። «በተጠኑት ወረዳዎች» የሚለው ይቀራል፤ «ይመስላል» ይቀራል፤ በመጨረሻም «ጥናት አረጋገጠ» የሚል ርእስ ይወጣል። በዚህ ረገድ የዜና ክፍሎችም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም፤ «አረጋገጠ» ከ«አመላከተ» ይልቅ ርእስ ላይ ያምራልና። ከዚያ በኋላ የበጀት ኃላፊው ገንዘቡን ለምግብ ወይስ ለመንገድ ያውለው የሚለውን የሚወስነው ተማሪዋ ያላለችውን ይዞ ነው። እሷ ራሷ በርእሱ ላይ «ተፅዕኖ» ብላ ከጻፈች ግን ሌላውን መውቀስ ያስቸግራታል።

ከተፅዕኖ ጋር የሚሄድ ሌላ ቃል «ጉልህ» ነው። በስታቲስቲክስ ጉልህ ልዩነት ማለት የታየው ልዩነት እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ ነው ብሎ ለመቀበል ያስቸግራል ማለት እንጂ ልዩነቱ ትልቅ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ሺሕ ተማሪዎች በተካተቱበት ጥናት ከመቶ የአንድ ነጥብ ልዩነት «ጉልህ» ሊሆን ይችላል፤ ለመምህሩ ግን አንዳች ለውጥ ላያመጣ ይችላል። ለዚህ አሠራር መስፋፋት ትልቁን ድርሻ ያበረከተው የሮናልድ ፊሸር መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ወደ አንድ ምዕተ ዓመት ገደማ ከቆየ በኋላ፣ በ2016 የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበር ቃሉ በዘልማድ እየተተረጎመ መሳሳት እየበዛ ነው በማለት ይፋዊ ማሳሰቢያ አውጥቷል። በአማርኛ ችግሩ ይብሳል፤ «ጉልህ» በዕለት ተዕለት ንግግር ከሩቅ የሚታይ፣ የገዘፈ ማለት ነውና። ቁጥሩን ከቃሉ አጠገብ ማስቀመጥ፣ ማለትም ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ መጻፍ፣ አንባቢን ከዚህ ያድናል።

ቃልን በቁጥር ያሰሩ ሳይንቲስቶች

ቃል ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ከሚያሳዩ ዘመናዊ ታሪኮች አንዱ የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ጉባኤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በማድሪድ የተሰበሰቡ ሳይንቲስቶችና የመንግሥታት ተወካዮች፣ የሰው ልጅ በአየር ንብረት ላይ ያለው ተፅዕኖ በምን ዓይነት ቅጽል ይገለጽ በሚለው ላይ ረጅም ክርክር ገጥመው ነበር። በመጨረሻ የተስማሙበት ቃል በአማርኛ «ሊለይ የሚችል» ወደ ማለት ይጠጋል፤ ትልቅም ትንሽም አይልም፣ መኖሩን ብቻ ይናገራል።

ከዚያ በኋላ ጉባኤው ቃላቱን በቁጥር ወሰናቸው። «የመሆን ዕድሉ ያመዝናል» ሲባል ከ66 በመቶ በላይ፣ «የመሆን ዕድሉ በጣም ያመዝናል» ሲባል ከ90 በመቶ በላይ፣ «የመሆን ዕድሉ እጅግ ያመዝናል» ሲባል ከ95 በመቶ በላይ እንዲሆን ተደረገ። ለሙቀቱ መጨመር ዋናው ምክንያት የሰው ልጅ ነው ወይ ለሚለው ጥያቄ የ2001 ሪፖርት የመጀመሪያውን ደረጃ ተጠቀመ። የ2007ቱ ወደ ሁለተኛው ወጣ። የ2013ቱ ወደ ሦስተኛው። በ2021 የሰው ልጅ ምድርን ማሞቁ የማያሻማ ነው ተባለ። ከአንዱ ቃል ወደ ሌላው ለመሻገር ስድስትና ስምንት ዓመታት፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥናቶችም አስፈልገዋል።

አንድ የዶክትሬት ተማሪ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ አያስፈልገው ይሆናል። ልማዱ ግን ሊወሰድ ይችላል። በአንዳንድ ጥናቶች «ብዙዎቹ»፣ «አብዛኞቹ»፣ «ጥቂቶቹ» የሚሉት ቃላት በዘፈቀደ ይገባሉ፤ በአንድ ገጽ «አብዛኞቹ» 55 በመቶ ይሆናል፣ በሌላው 90። አጥኚው በስልት ምዕራፉ ላይ በሁለት ዐረፍተ ነገር ቢወስናቸው አንባቢም ፈታኝም ያርፋል።

መጠይቁ ውስጥ የተደበቀው ቃል

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኛው የዶክትሬት ጥናት የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። መረጃው የሚሰበሰበው ግን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በአገውኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ነው። ስለዚህ የቃላት ምርጫ የሚጀምረው ተማሪው ለመጻፍ ሲቀመጥ ሳይሆን መጠይቁን ሲተረጉም ነው። እዚህ ላይ የተሳሳተ ቃል በኋላ በየትኛውም ስሌት አይታረምም።

በቤተሰብ ደረጃ በሚደረጉ ጥናቶች በእንግሊዝኛው ስለ ቤቱ ኃላፊ የሚጠየቀው ጥያቄ ጾታ አይለይም። መረጃ ሰብሳቢው በአማርኛ «አባወራው ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ ግን መልሱ ከጥያቄው ጋር ተሰጥቷል። ባሏ ለሥራ ርቆ የሄደባት፣ እርሻውንም ልጆቹንም የምታስተዳድር ሴት የባሏን ስም ልትሰጥ ትችላለች። «አባወራ ወይም እማወራ» ማለት የተሻለ ነው፤ ከዚያም አልፎ «በዚህ ቤት ስለ ወጪና ስለ እርሻ የሚወስነው ማነው?» ብሎ መጠየቅ ጥናቱ ሊያውቀው የፈለገውን ነገር በቀጥታ ይነካል።

«ሥራ አለዎት?» የሚለውም እንዲሁ ነው። በከተማ ሰው ጆሮ «ሥራ» ብዙ ጊዜ ደመወዝ የሚከፈልበት ነው። ጠላ ጠምቃ የምትሸጥ፣ ከማለዳ ጀምሮ እንጨት ለቅማ ውኃ ቀድታ የዋለች ሴት «የለኝም፣ ቤት ነው የምውለው» ልትል ትችላለች። የዓለም የሥራ ድርጅት በጠራው የ2013 የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ ሥራ የሚባለው ለራስም ሆነ ለሌላ የሚውል ዕቃ ወይም አገልግሎት የሚያስገኝ ማናቸውም ተግባር እንዲሆን ተወስኗል። ትርጓሜው በተማሪው የንድፈ ሐሳብ ምዕራፍ በትክክል ሰፍሮ፣ መጠይቁ ላይ ግን በአንድ «ሥራ» በሚል ቃል ብቻ ከተጠየቀ ምዕራፎቹ ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ያወራሉ።

በጤና ጥናቶች ላይ ጥንቃቄው ይበልጥ ይከብዳል። «ድባቴ» በሕክምና ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ የሕመም ስም ሆኗል። በገጠር ያለ ሰው ግን ስለዚሁ ስሜት «ልቤ አዝኗል»፣ «ጭንቅ ጭንቅ ይለኛል»፣ «ሰውነቴ አልታዘዝ አለ» ሊል ይችላል። እነዚህ ቃላት ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለሱ አንድ ስም ይሰጣቸውና ልዩነታቸው ይሰወራል። ችግሩን ለመቀነስ የተለመደው መንገድ አንዱ ተርጓሚ ወደ አማርኛ ከተረጎመ በኋላ ሌላው፣ ዋናውን ሳያይ፣ ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሰው ማድረግና ሁለቱን ማስተያየት ነው። ይህ ስሕተትን ያጋልጣል፤ ቃሉ በተጠያቂው ቀበሌ እንዴት እንደሚሰማ ግን አይነግርም። ለዚያ ጥቂት ሰዎችን አስቀድሞ «ይህ ጥያቄ ምን ይላል ብለው ተረዱት?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነው።

መተርጎም የማይገባቸው ቃላትም አሉ። «ይሉኝታ» አንዱ ነው። ኀፍረት ብሎ መተርጎም ያንሰዋል፤ ጨዋነት ማለትም ይስተዋል። ሰው ምን ይለኛል በሚል ፍርሃትና ሌላውን ላለማስቀየም በመጠንቀቅ መካከል ያለ ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ቃል በመጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ በአንድ አንቀጽ አብራርቶ ከዚያ በኋላ ራሱን ቃሉን ይዞ መቀጠል የሚሻል ይሆናል። በዓለም አቀፍ መጽሔት ገምጋሚዎች ዘንድ ይህ ድክመት ሳይሆን አስተዋጽኦ ተደርጎ ሊታይ ይችላል፤ ተማሪው ቃሉን በሚገባ ካስረዳ።

በአማርኛ ለሚጽፉት

በአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ዘርፍ የዶክትሬት ጥናታቸውን በአማርኛ የሚጽፉ ተማሪዎች ሌላ ፈተና አለባቸው። ሙያዊ ቃላቱን በከፊል ያገኟቸዋል፣ በከፊል ይመርጧቸዋል፣ አንዳንዴም ይፈጥሯቸዋል። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ያዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት፣ የባዬ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» እና የፈቃደ አዘዘ «የሥነ ቃል መምሪያ» የመሳሰሉት ሥራዎች በየመስካቸው ብዙ ቃላትን ለተማሪዎች አድርሰዋል። ሆኖም ሁሉም በአንድ ቃል አልተስማማም። «ፎክሎር» የሚለውን እንዳለ የሚወስድ አለ፤ «ሥነ ቃል» የሚለው ደግሞ በቃል የሚነገረውን ብቻ እንጂ አለባበሱን፣ ዕደ ጥበቡንና ክዋኔውን አይጠቀልልም ብሎ የሚለይ አለ። ተማሪው ከሁለቱ አንዱን ሲመርጥ የጥናቱን ወሰን አብሮ መርጧል።

አንዳንድ የተለመዱ ቃላት ደግሞ በራሳቸው አሳሳች ጥላ አላቸው። «መላምት» ከ«መላ መምታት» የመጣ ነው፤ ለሰሚው ግምት፣ እንዲያው የተወረወረ ነገር ይመስላል። በጥናት ውስጥ ግን መላምት ከንድፈ ሐሳብና ከቀደምት ግኝት ተነሥቶ፣ ውሸት ሆኖ ሊገኝ በሚችልበት መንገድ የተቀመጠ አባባል ነው። ይህን የማያስረዳ ተማሪ ፈታኙን ባያደናግር እንኳ ሌላውን አንባቢ ያደናግራል።

ለአንድ ጽንሰ ሐሳብ ሦስት ስም መስጠትም የተለመደ ችግር ነው። በመግቢያው «የትብብር መማር»፣ በዳሰሳው «ትብብራዊ ትምህርት»፣ በመጠይቁ «በቡድን መማር» ተብሎ የተጻፈ ጥናት ሲነበብ፣ ተማሪዎቹ የመለሱት ስለ የትኛው ነው የሚል ጥያቄ ይነሳል። በቡድን መቀመጥ ሁሉ መተባበር አይደለምና ጥያቄው የቃላት ጨዋታ አይሆንም። በግእዝ ቃላት ማክበድም እንዲሁ ዋጋ አለው። ከባዱ ቃል ትክክለኛ ልዩነት የሚያመጣ ከሆነ ቦታው ይገባዋል፤ ጽሑፉ የሊቅ እንዲመስል ብቻ ከገባ ግን ተማሪው ራሱ ትርጉሙን ሲጠየቅ የሚንተባተብበት ቃል ይሆናል።

በአማርኛ የአክብሮት ነገርም አለ። አንዱን ምሁር «ይላሉ»፣ ሌላውን «ይላል» ብሎ መጥቀስ፣ በተለይ አገር በቀሉን በአንቱታ የውጭውን በአንተ ማድረግ፣ አጥኚው ሳያስበው የሚያወጣው ፍርድ ነው። ሁሉንም በአንድ ወግ መጥቀስ ይቀላል። ራስን «አጥኚው» ወይም «አጥኚዋ» ብሎ በሦስተኛ መደብ መጥራትም በሰፊው የተያዘ ወግ ነው። ሌላው አማራጭ ደግሞ «መረጃ ተሰበሰበ» ማለት ነው። ይህ አነጋገር ማን ሰበሰበው የሚለውን ይደብቃል። ተማሪዋ ራሷ ሰብስባው ከሆነ መናገሩ፣ ረዳቶች ሰብስበውት ከሆነም እነሱ መሆናቸውን መግለጹ የጥናቱን አካሄድ ለመገምገም ያስፈልጋል።

ማሽኑ የሚመርጣቸው ቃላት

ከ2022 መጨረሻ ወዲህ በዚህ ሁሉ ላይ አዲስ ነገር ተጨምሯል። በእንግሊዝኛ ለመጻፍ የሚቸገሩ ተማሪዎች ጽሑፋቸውን በሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ያሳርማሉ። በጀርመን ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና በ2025 የታተመ ጥናት ከ15 ሚሊዮን በላይ የሕክምናና የሥነ ሕይወት ጥናት አጠቃሎዎችን መርምሮ፣ መሣሪያዎቹ ከወጡ በኋላ የተወሰኑ ቃላት ድንገት እንደበዙ አሳይቷል። የበዙት በአብዛኛው የይዘት ቃላት አልነበሩም፤ አድማቂ ግሦችና ቅጽሎች ናቸው። ተመራማሪዎቹ በዚህ ተመርኩዘው በ2024 ከወጡት አጠቃሎዎች ቢያንስ 13.5 በመቶ የሚሆኑት በመሣሪያዎቹ እንደተነኩ ገምተዋል።

መሣሪያዎቹ ሰዋስው ያቀናሉ፤ በሦስተኛ ቋንቋው ለሚጽፍ ተማሪም ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። አደጋው ያለው ከሰዋስው ባሻገር ነው። በዚያው በ2025 የወጣ ሌላ ጥናት አሥር መሣሪያዎች ያዘጋጇቸውን 4,900 የሳይንሳዊ ጽሑፎች ማጠቃለያዎች መርምሮ፣ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከዋናው ጽሑፍ ይልቅ የሰፋ ድምዳሜ እንደሚሰጡ አግኝቷል። «በተሳታፊዎቹ ላይ ታይቷል» የተባለው «ይታያል» ይሆናል። ኃላፊ ጊዜ ወደ አሁን ጊዜ ይዞራል፤ በተወሰኑ ሰዎች ላይ የተገኘው የሁሉም ይሆናል። ስለዚህ የታረመውን ጽሑፍ ከራሱ ረቂቅ ጋር ግሥ በግሥ የማያስተያይ ተማሪ፣ ፈታኙ «በምን አረጋገጡ?» ሲለው ያልጻፈውን ቃል ለመከላከል ይገደዳል።

የተጠናቀቀው ጥናት ዛሬ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ብቻ አይቀመጥም፤ በዩኒቨርሲቲዎች የበይነ መረብ ማከማቻ ይጫናል፤ የሚፈልገው ሰውም በርእሱና በቁልፍ ቃላቱ ነው የሚያገኘው። እዚህ ላይ የፊደል ምርጫ እንኳ ትርጉም አለው። «ሥነ ጽሑፍ» የሚለው ስም በ«ሥ» ወይም በ«ስ»፣ በ«ጽ» ወይም በ«ፅ»፣ በ«ሑ»፣ በ«ሁ» ወይም በ«ኁ» ሊጻፍ ስለሚችል አሥራ ሁለት ዓይነት መልክ አለው። ፊደላቱን የማያመሳስል መፈለጊያ በአንዱ መልክ የተጫነውን ጥናት በሌላው ለሚፈልግ ሰው አያወጣም። በዚህ ምክንያት አንዳንድ አማካሪዎች ተማሪዎቻቸው በቁልፍ ቃላት ዝርዝሩ ላይ ሁለቱን በብዛት የሚዘወተሩ አጻጻፎች ጎን ለጎን እንዲያሰፍሩ ቢመክሩ አይበዛም።